ጠርሙሱ ኦሪጅናል ነው፣ ውስጡ ግን...

ሀዋሳ ውስጥ የፕላስቲክ ሞዴል የምንገጣጥም ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነን። ስለዚህ አንዱ ሲሸወድ ለሌላው መናገር አለበት። ሰሞኑን በቴሌግራም «ኦሪጅናል ታሚያ ሲሚንቶ፣ ያልተከፈተ» እየተባለ የሚዞረውን ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት የኔን ጉድ ስሙ። ታሚያ የጃፓን የሞዴል አምራች ነው። ሲሚንቶ ስል የግንባታውን አይደለም። ስሙ ነው እንጂ እንደ ውሃ የቀጠነ የሞዴል ማጣበቂያ ነው።

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ የቦይንግ 787 ሞዴል አመጣችልኝ። መጠኑ 1/144 ነው፣ ማለትም የእውነተኛው 144ኛ እጅ፤ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ርዝመቱ 40 ሳንቲሜትር አይሞላም። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር ነውና ጅራቱን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ልቀባው ጓጉቼ ነበር። ማጣበቂያው ግን ሳጥኑ ውስጥ የለም። ተቀጣጣይ ስለሆነም በሻንጣ ይዞ መብረር አይፈቀድም። እንግዲህ እዚሁ ካለ ሻጭ መለመን ነው።

1,500 ብር በቴሌብር ላኩ። ዕቃው ከመናኸሪያ በባጃጅ አቶቴ ድረስ መጣልኝ። አረንጓዴ ክዳን፣ 40 ሚሊ ሊትር፣ ከክዳኑ ጋር የተያያዘች ቀጭን ብሩሽ፤ ሁሉም ልክ ነው። የብሩሿ ጫፍ ላይ ግን ግራጫ ነገር ደርቆ ነበር። ያልተከፈተ ጠርሙስ ውስጥ የደረቀ ፕላስቲክ ምን ይሠራል? አየሁት፣ ቸኩዬ ስለነበር አለፍኩት።

እዚህ ላይ አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ማጭበርበሩ የሚገባችሁ በዚያ ነው። ይህ ፈሳሽ እንደ ኮላ ወይም እንደ ማስቲሽ በሁለት ዕቃዎች መሃል ተቀምጦ አይደለም የሚያጣብቀው። ሞዴሉ የሚሠራበትን ፖሊስታይሪን የተባለ ፕላስቲክ ያሟሟዋል። የሁለቱ ጠርዞች ይዋሃዳሉ፣ ፈሳሹ ይተናል፣ የሚቀረው አንድ ፕላስቲክ ነው። ብየዳ በሉት። ሁለቱን ክፍሎች መጀመሪያ ገጥማችሁ ትይዛላችሁ፤ ከዚያ የብሩሹን ጫፍ መጋጠሚያው ላይ ብቻ ታስነካላችሁ። ፈሳሹ በስንጥቁ ራሱ ሮጦ ይገባል። ጣታችሁ መጋጠሚያው ላይ ካለ ከሥሩ ሾልኮ ገብቶ አሻራችሁን ፕላስቲኩ ላይ ያትመዋል። እኔ ይሄን በመጀመሪያው የመኪና ሞዴሌ ተምሬዋለሁ።

የዚህኛው ጠርሙስ ፈሳሽ ግን ላዩን አለሰለሰና ተወው። ክንፉን ይዤ ቆጠርኩ፣ ስለቀው ወደቀ። ደገምኩ። አበዛሁበት። እየፈሰሰ የአውሮፕላኑን ሆድ አነጣው፤ እነዚያ የሚያምሩ ቀጫጭን መስመሮች ደበዘዙ። በማግስቱ ቀለም ብቀባው ቦታ ቦታ እየመረጠ አልይዝ አለ።

ያወቀችው ጎረቤቴ ናት። የውበት ሳሎን አላት። ገና ክዳኑን ስከፍት «አንተ፣ ይሄ እኮ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው! ሽታውን አታውቀውም እንዴ?» አለችኝ። እውነትም ከጀርባው የአበባ ሽቶ አለው። የእውነተኛው ሽታ ኃይለኛ ነው፤ ውስጡ አሴቶንና ቡቲል አሲቴት አለበት፤ ሽቶ የሚባል ነገር ግን የለውም። የጥፍሩም አሴቶን ይኖረዋል፤ ችግሩ ውሃና ቅባት ይጨመርበታል። ቀለሙን ያባረረው ቅባቱ ነው። ታሚያ በዚህ ጥፋት የለበትም፤ ሰውየው ባዶ ጠርሙስ ለቅሞ ሞልቶ ነው የሸጠልኝ።

ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ አጠቃቀሙን ስላላወቅህበት ነው» አለኝ። የብሩሹን ፎቶ ስልክለት ብሎክ አደረገኝ።

ስለዚህ ዕቃውን ሳታዩ ብር አትላኩ። ፒያሳ ካፌ ቀጥሩትና እዚያው ክፈቱት። አንድ ጠብታ የብርጭቆ ሳህን ላይ ጣል አድርጉ፤ ደህናው ወዲያው ይተንና ምንም አይተውም፤ የኔው ውሃ አቁሮ ቅባት ትቶ ነው የሄደው። ቤት ስትገቡ ደግሞ ዕቃዎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ አጣብቁና እስከ ነገ ተዉት። ስትስቡት ከመጋጠሚያው ከተላቀቀ ሞዴላችሁን አታስነኩት። መስኮት ክፈቱ፣ ከሻማና ከከሰል አርቁት፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት።

ደረሰኝም ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። እኔ ግን በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው።

አውሮፕላኑን በሱፐር ግሉ ጨርሼዋለሁ። የሱፐር ግሉ ትነት ደግሞ የአብራሪዎቹን መስኮት ጭጋግ አለበሰው፤ ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው። የተረፈውን ፈሳሽ ለጎረቤቴ ሰጠኋት። በሁለተኛው ቀን መለሰችልኝ። «ለጥፍርም አይሆን፣ ውሃ በዝቶበታል» አለች።