«ኦሜፕራዞል አልሸጥልህም» ላለችኝ ፋርማሲስት

ይህን የምጽፈው አንዲት ልጅ ለማመስገን ነው። «ስሜን እንዳትጽፍ» ስላለችኝ ፋርማሲስቷ እያልኩ እቀጥላለሁ። የምትሠራው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ አንድ ጠባብ መድኃኒት ቤት ነው።

ዕድሜዬ 34 ነው። ቀጭን ነኝ፤ የትም የምሄደው በብስክሌት ነው። ሲጋራ ግን አጨሳለሁ። አጨስ ነበር ልበል እንግዲህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫትም ነበረች። ሃርት አታክ የሽማግሌና የወፍራም በሽታ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ነው። ከሌሊት ጀምሮ ደረቴ መሃል አንድ ነገር ተጭኖኛል። ውጋት አይደለም። እህል የሞላ ጆንያ ያስቀመጡብኝ ነው የሚመስለው። ጾም ስለነበር ሽሮውን ረገምኩ። ደግሞ ከወር በፊት አንድ ክሊኒክ «ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) አለብህ» ብሎኝ ኪኒኑን ጨርሻለሁ። እዚህ አገር ከአንገት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያመመ ሁሉ ጨጓራ አይደል? ፓይሎሪ እኮ ብዙ ሰው ላይ አለ። ስላለ ብቻ የደረት ሕመም ሁሉ የእሱ ነው ማለት እንዳልሆነ ኋላ ነው የገባኝ።

ብስክሌቴን በሩ ላይ አስደግፌ ገባሁና «እህቴ፣ ኦሜፕራዞል ስጪኝ» አልኳት። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኪኒን ነው። እሷ የምታየው እጄን ነው። ጠረጴዛው መስተዋት ነው፤ መዳፌን ሳነሳ አምስቱም ጣቶቼ በላብ ታትመው ቀሩ። ውጪው ገና ይበርዳል።

«ወንድሜ፣ ሕመሙ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል?»

መንጋጋዬን እንደ ጥርስ ሕመም ያደርገኝ ነበር። ግራ ክንዴም ዝሏል። ተኝቼበት ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

«ዳገት ስትወጣ ይብስሃል? ስትቆም ይተውሃል?»

ይሄኔ ደንገጥ አልኩ። ከሁለት ሳምንት በፊት የቤዛዊትን ዳገት ስወጣ ደረቴን ጨምቆ ይዞኝ፣ ቁጭ ስል ለቆኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

«አባትህ በሕይወት አሉ?»

ተናደድኩ። ኪኒን ልገዛ መጥቼ አባቴን ምን አመጣው? አባቴ በ48 ዓመቱ ነው የሞተው። ማታ እራት በልቶ ተኛ፣ ጠዋት አልተነሳም። ሰፈሩ «ምች ነው» አለ፤ እኛም ምች ብለን ቀበርነው።

«አልሸጥልህም» አለች።

ከዚያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አደረገችው። ወንበር ሰጠችኝ። አስፒሪን ይስማማኝ እንደሆነ፣ ጨጓራዬ ደምቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝና 300 ሚሊግራም አኝኬ እንድውጥ ሰጠችኝ። ብስክሌቴን ልይዝ ስል ቀድማኝ ወደ ውስጥ ጎትታ አስገባችው። አምቡላንስ ልትጠራ 907 ለመደወል ስልኳን አንስታ ሳለ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። «ፈለገ ሕይወት፣ ድንገተኛ ክፍል፣ የትም እንዳታቆም!» አለችው። ልጁ ከዘንባባዎቹ ሥር እንዴት እንደነዳ አልነግራችሁም። ሒሳብም አልተቀበለኝ። እሱንም ይባርክልኝ።

ሆስፒታል እንደደረስኩ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሳሁ። ይሄ ነው የሚባል ነገር የለውም። ደስ ብሎኝ ሸሚዜን መቆለፍ ጀመርኩ። ሐኪሙ «ቁጭ በል» አለኝ። የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ልብ ሲጎዳ የሚወጣው ትሮፖኒን የሚባለው ነገርም ደም ውስጥ እስኪታይ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱም ይደገማሉ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲደገም መስመሩ ተለውጧል። ወደ ልቤ ደም የሚወስድ አንድ ቧንቧ በረጋ ደም ተዘግቶ ነበር። ሰባት ቀን ተኛሁ።

የአባቴን ነገር ሐኪሙም ጠየቀኝ። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት በልብ ከታመሙ የቀረው ቤተሰብ ቶሎ መታየት አለበት አለኝ። ጫቱና ሲጋራው ደግሞ የልብን ደም ሥር ያኮማትራሉ። ሴቶች ላይ የደረቱ ሕመም ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጀርባ ሕመም፣ ያለ ምክንያት መዛል ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ይህን ስነግራት ታናሽ እህቴ ግፊቷንና ኮሌስትሮሏን ተለካች። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ተመስገን።

ከሆስፒታል ስወጣ ብስክሌቴን ልወስድ ሄድኩ። ከካርቶኖቹ መሃል ቆማለች፤ የላላው ጎማ ተነፍቷል። እናቴ ዳቦ ደፍታ ወስዳላት ነበር። ልጅቷ ዳቦውን ተቀብላ «ሲጋራውን አቆመ?» ብላ እናቴን ጠየቀቻት። ለእኔ ብትለው ምናለ!

መድኃኒት ቤቱን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እጠቁማችኋለሁ። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት ነው። ግፊትም ትለካለች። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ብትጠይቋት ግን አትሰጣችሁም፤ ብትቆጧትም አትሰጣችሁም። ቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።