ደረቴ ላይ የከረመው ባይኖኩላር፦ አንድ ሙሉ የአጋዘን አደን ወቅት ከ8 በ42 ጋር

ስለ አጋዘን አደን ወሬ ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጠመንጃው ነው። ካሊበሩ፣ ማለትም የጥይቱ ውፍረት፣ ስንት ነው? ስኮፑ፣ ማለትም ጠመንጃው ላይ የሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር፣ ምን ዓይነት ነው? ስንት ሜትር ላይ አስተካከልከው? እኔ ግን ቅጠል የሚረግፍበትን ወራት ጨርሼ ዕቃዬን ሳጸዳ፣ ያለ እሱ ከቤት አልወጣም የምለው ጠመንጃውን አይደለም። ባይኖኩላሩን፣ ሩቁን የሚያቀርበውን ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ነው። ጠመንጃው ከትከሻዬ የወረደው ጥቂት ጊዜ ነው። ባይኖኩላሩ ግን ከንጋት እስከ ምሽት ሥራ አልፈታም።

የገዛሁት 8 በ42 የሚባለውን መጠን ነው። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው በሚሊሜትር። ክብደቱ 700 ግራም ገደማ ነው። በጥራት መካከለኛ ከሚባለው ምድብ ነው። የአምራቹን ስም አላነሳም፤ ምክንያቱም ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ መጠኑና ስለ አጠቃቀሙ ነው። ይሄ ደግሞ ብራንድ ቢቀየርም አይቀየርም።

ብዙ አዳኝ 10 በ42 ይመርጣል። የበለጠ ካቀረበ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነው። ለሜዳና ለተራራ እውነት ነው፤ ሩቅ ሸንተረር ላይ የተኛ እንስሳ የሚፈልግ ሰው 10ሩን ይያዝ። ጫካ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አጋዘን በብዛት የሚንቀሳቀሰው ጎህ ሲቀድና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ስለዚህ ባይኖኩላር የሚፈተነው በእነዚያ ሁለት አጫጭር ሰዓቶች ነው። ቀን ላይማ ርካሹም ያሳያል።

እስቲ 42ን ለ8 አካፍሉት። 5.25 ይመጣል። ይሄ ከሌንሱ ወጥቶ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 10 በ42 ላይ 4.2 ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ የዓይናችን ብሌን ራሱ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ስለሚጠብ ልዩነቱ አይታወቅም። ሲመሽ ግን ብሌኑ ይሰፋል። በወጣትነት እስከ 7 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ዕድሜ ሲጨምር ይቀንሳል። ያኔ ያቺ የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ትታወቃለች። ከጓደኛዬ 10 በ42 ጋር እየተቀያየርን አንድ ቁጥቋጦ አይተናል። የእሱ ቅርንጫፎቹን በደንብ አቅርቦ ያሳያል። የእኔ ደግሞ ከቅርንጫፎቹ በታች ያለውን ጥላ ከፍቶ ያሳያል። አጋዘኑ የሚቆመው እዚያ ጥላ ውስጥ ነው።

ሌላው መንቀጥቀጥ ነው። ዳገት ወጥታችሁ ትንፋሻችሁ ሲቆራረጥ 10ሩ የልብ ምታችሁን ጭምር ያሳያችኋል። 8ቱን ግን ክርኔን ጎኔ ላይ ካስደገፍኩ ለረጅም ጊዜ ሳይደክመኝ እይዘዋለሁ። የሚያሳየው ስፋትም ሰፊ ነው። ቅርብ ላይ እየተራመደ ያለን እንስሳ ፈልጎ ማግኘት ይቀላል።

ስለ ውስጡ ጥቂት ልበል። የእኔ ቀጥ ያለ ቱቦ ያለው፣ ሩፍ ፕሪዝም የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፕሪዝም ማለት የተገለበጠውን ምስል የሚያቃናው በውስጡ ያለ የመስታወት ቁራጭ ነው። ትከሻቸው ሰፋ ያሉት የድሮዎቹ ባይኖኩላሮች ፖሮ ፕሪዝም ነው ያላቸው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1854 አሠራሩን ፓተንት ካስመዘገበው ከጣሊያናዊው ኢግናዚዮ ፖሮ ነው። ሩፍ ፕሪዝም ቀጠን ብሎ ለመያዝ ይመቻል፣ ግን ብርሃኑን ስለሚከፋፍለው ለረጅም ጊዜ የምስሉ ጥራት ያንስ ነበር። የጀርመኑ ሌንስ አምራች ዛይስ እ.ኤ.አ. በ1988 ፌዝ ኮቲንግ የሚባለውን ቅብ ካመጣ በኋላ ነው ክፍተቱ የጠበበው። ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ባላቸውም ላይ ይገኛል። ስትገዙ ይሄ ቅብ መኖሩን ጠይቁ። ሻጩ ስለ ማቅረቡ ብቻ የሚያወራ ከሆነ ወደዚህ መልሱት።

አሁን ወደ ጫካው እንግባ።

በባይኖኩላር አጋዘን ሲፈለግ ሙሉ አጋዘን አይፈለግም። ይሄን ለማመን ጊዜ ይወስዳል። ጫካ ውስጥ ያለው መስመር ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ ነው፤ ግንድ ነው፣ ቁጥቋጦ ነው። አግድም የተኛ መስመር ካያችሁ ወይ የወደቀ ግንድ ነው ወይ ጀርባ ነው። ከዚያ ጆሮ ይርገበገባል። እርጥብ አፍንጫ ብልጭ ይላል። የኋላ እግር ቁርጭምጭሚት እንደ ተሰበረ ቅርንጫፍ ታጥፎ ይታያል። በባዶ ዓይን ባዶ ነው ብዬ ያለፍኩት ቦታ ላይ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንስሳ አግኝቻለሁ። ፎከሱን በዝግታ ከቅርብ ወደ ሩቅ ሳዞረው ቅጠሉ ይደበዝዝና ከኋላው ያለው ጥርት ብሎ ይወጣል። 

አንድ ምሽት ማማ ላይ ነበርኩ። የያዝኩት ፈቃድ ለወንድ አጋዘን ብቻ ነው። ብርሃኑ እየሄደ ነው። ከቁጥቋጦው ጫፍ አንድ አጋዘን ብቅ አለ። በባዶ ዓይን ቀንዱ ይታየኛል፤ ቅርንጫፉ ሳይቀር። ባይኖኩላሩን አነሳሁ። አንገቷን ዞር ስታደርግ ቀንዱ ባለበት ቀረ። ከኋላዋ የነበረ ደረቅ ቅርንጫፍ ነው። ሴት ናት። ትንሽ ቆይቶ ከጎኗ ግማሽ ፊት ብቅ አለ። ነጠብጣቡ የጠፋለት የዘንድሮ ግልገል ነው። ሁለቱም እየቀነጠቡ አለፉ፣ እኔም እንዳልነቃነቅ ትንፋሼን ይዤ አየኋቸው። ብርሃን የሚያስገባ መነጽር ምን ጥቅም አለው ለሚል ሰው ይሄንን ምሽት ነው የምነግረው።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ስኮፕ ስላለኝ ባይኖኩላር አያስፈልገኝም ይላል። ስኮፑ የት ላይ ነው ያለው? ጠመንጃው ላይ ነው። ምንነቱን ያላወቃችሁትን ነገር በስኮፕ ለማየት አፈሙዙን ወደዚያ ነገር ታዞራላችሁ። ያ ነገር ሰው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በባይኖኩላር ይታያል፤ እንስሳው ይለያል፣ ጾታው ይለያል፣ ከኋላው ምን እንዳለ ይታያል። ጠመንጃው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

አጋዘን ብርቱካናማ ቀለምን እንደኛ አያየውም። ቀይና አረንጓዴን አይለይም፤ ሰማያዊን ግን በደንብ ያያል። ስለዚህ ብርቱካናማ ሰደርያዬን ሳልፈራ እለብሳለሁ፤ ሌሎች አዳኞች እንዲያዩኝ ነው። የሚያጋልጠን እንቅስቃሴ ነው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ስለሆኑ አብዛኛውን ዙሪያውን ያያል። ባይኖኩላሩን ከደረት ወደ ዓይን ማንሳት ራሱ ዘዴ ይፈልጋል። ቀጥ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እንስሳው ሲግጥ ወይም ጭንቅላቱ ከግንድ ኋላ ሲሆን ብቻ። እዚህ ጋ ነው ከዕቃው ጋር የመጣውን የአንገት ማንጠልጠያ የጣልኩት። ቀጭን ነው፣ አንገት ይቆርጣል፣ ጎንበስ ሲሉ መነጽሩ ይወዛወዛል። በትከሻና በጀርባ የሚታሰር የደረት ቀበቶ አደረግሁለት። ክብደቱ ጠፋልኝ ማለት ይቻላል።

ያላሰብኩት ጥቅም የሰጠኝ ደግሞ ነፋስ ላይ ነው። አጋዘንን ከዓይኑ መሸሸግ ይቻላል፤ ከአፍንጫው ግን አይቻልም። አዳኞች ሚልክዊድ ከሚባለው ተክል ጥጥ የመሰለ ዘር ይዘው ይወጣሉ። አንድ ፍሬ ከጣት ላይ ሲለቀቅ አየሩ ወደሄደበት ይሄዳል። በባዶ ዓይን ከጥቂት እርምጃ በኋላ ይጠፋል። በባይኖኩላር ግን ተከተልኩት። ፊቴ ላይ ነፋሱ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ዘሯ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ግንድ ጋ ስትደርስ ዝቅ አለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ሸለቆው ቁልቁል ፈሰሰች። ሲመሽ አየሩ ይቀዘቅዝና ቁልቁል ይወርዳል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያሞቀው ሽቅብ ይወጣል። ይሄንን አስቀድሜ አውቅ ነበር። በዓይኔ መንገዱን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ማማውን ያዛወርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሥርያ ወቅቱ ሲደርስ ሁሉም ነገር ይለወጣል። የሚያስጀምረው ብርዱ አይደለም፤ የቀኑ ማጠር ነው። በሰሜን አሜሪካ ነጭ ጅራት አጋዘን ዘንድ በብዙ ቦታ የሚጋጋለው በኅዳር መጀመሪያ ገደማ ነው። የአውሮፓው ቀይ አጋዘን ደግሞ ቀደም ብሎ በመስከረም ውስጥ ያገሳል። ያን ጊዜ ወንዱ ጥንቃቄውን ይረሳል፣ በጠራራ ቀን ሳይቀር ይሮጣል። ከሩቅ በቀንዱ የተፋቀ ዛፍ በባይኖኩላር ይታያል፤ ቅርፊቱ ተልጦ ውስጡ ነጣ ብሎ። አዲስ ከሆነ ከሥሩ ፍርፋሪው አለ። ሄጄ ሽታዬን ሳልተው ከሩቅ ይሄን ማንበብ መቻሌን በጣም ወድጄዋለሁ።

ከተኩስ በኋላም ባይኖኩላሩ ይሠራል። ወዲያው ወርዶ መሮጥ የለም። እንስሳው በየትኛው ዛፍ አጠገብ እንዳለፈ በመነጽር አይቼ በአእምሮዬ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ እጠብቃለሁ። አረፋ ያለበት ደማቅ ደም የሳንባ ነው፤ እንስሳው ሩቅ አይሄድም። የጠቆረ ከሆነ ጉበት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ነገር ከተቀላቀለበት ደግሞ አንጀት ነው፤ ብዙ ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። ዱካውን ስከተል በየጥቂት እርምጃው ቆሜ ወደፊት እቃኛለሁ። የተኛ እንስሳ ሳያየኝ እንዳየው ነው። ቆስሎ የተኛን እንስሳ ቀስቅሶ ማስሮጥ ሥቃዩን ማስረዘም ነው፤ ይሄ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ከባዱ ነገር ነው።

እሺ፣ ጉድለቱስ? አለው።

ዓይን የሚያርፍባቸው ጎማዎች ሲጠመዘዙ ቀጭ ብለው መቆም አለባቸው። የግራው ከወራት በኋላ ላልቷል። ጫን ሲሉት ይወርዳል፣ የማየው ክብም ጠርዙ ይጠቁራል። በዚህ ዋጋ ደረጃ ይሄ መሆን የለበትም። የፎከስ መዘውሩ ደግሞ ብርድ አይወድም። ውርጭ በጣለባቸው ንጋቶች ውስጡ ያለው ቅባት ይጠነክርና በጓንት ለማዞር ያስቸግራል። የፊት ሌንስ ክዳኖቹም ልል ናቸው፤ አንዱ የት እንደወደቀ አላውቅም።

ጭጋግን በተመለከተ ግን ዕቃው ሳይሆን ማስታወቂያው ነው የሚያሳስተው። ናይትሮጅን ስለተሞላ ጉም አይዘውም ይላል። ውስጡን አይዘውም። በዝናብ ውስጥ ከርሞም ውስጡ ጥርት እንዳለ ነው፣ ለዚህ አድናቆቴን እሰጣለሁ። ውጪውን ግን ትንፋሽ ይይዘዋል። ብርዱ ሲጠና ኮት ውስጥ ከከተታችሁት የሰውነታችሁ እርጥበት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ይቀመጣል። ከኮቱ ውጪ ይዋል። ዓይናችሁ ላይ ስታደርጉት በአፍንጫ ሳይሆን በአፍ፣ ወደ ታች ተንፍሱ። ማታ ሙቅ ቤት ስትገቡም ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ቀስ ብሎ ይሙቅ። በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ክልክል ነው። መጀመሪያ አቧራው ይነፋል፣ በብሩሽ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነው ጨርቁ።

አዲስ ለሚገዛ ሰው፣ ከአደኑ በፊት ቤት ውስጥ ዳዮፕተሩን፣ ማለትም የሁለቱን ዓይኖች የእይታ ልዩነት የሚያካክሰውን ማስተካከያ፣ አስተካክሉ። የቀኙን የፊት ሌንስ በእጅ ሸፍናችሁ በግራ ዓይን በመሃሉ መዘውር ምስሉን ጥርት አድርጉ። ከዚያ የግራውን ሸፍናችሁ፣ መሃሉን ሳትነኩ በቀኝ በኩል ባለችው ቀለበት ምስሉን ጥርት አድርጉ። ቀለበቷ ያለችበትን ቦታ ምልክት አድርጉባት። ባይኖኩላር አያመቸኝም፣ ራሴን ያመኛል ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ይሄንን አድርገው አያውቁም።

ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? መጠኑን አዎ፣ ያለ ጥርጥር። የላላውን ጎማ በዋስትናው ለማስቀየር ልኬዋለሁ። ለሚቀጥለው ወቅት የማስበው ትራይፖድ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ላይ የሚያስሩበትን ትንሽ ማያያዣ መግዛት ነው። የዚህ ሞዴል ማሰሪያ ቀዳዳ ከፊት፣ በሁለቱ ቱቦዎች መሃል ባለው ክዳን ሥር ነው ያለው። ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ክዳን ፈትታችሁ ቀዳዳው መኖሩን እዩ።