ግሽ ዓባይ የምትሄዱ፣ ቁርስ እንዳትበሉ

ግሽ ዓባይ ማለት ዓባይ የሚፈልቅባት፣ ሰው ለጸበል የሚሄድባት ምንጭ ናት። እኔና ጓደኛዬ የሄድነው መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ነው፣ አሁን የምታስቡ ካላችሁ ግን መጀመሪያ እዛ ዘመድ ያለው ሰው ጠይቁ። ከባህር ዳር በዳንግላ በእንጅባራ አርገን ጥሊሊ ወረድን፣ ግሽ ዓባይ ወዳለችበት ወደ ሰከላ ወረዳ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ስንጠብቅ ብርዱ ሆዳችንን ሲሞረሙረው ጊዜ ፍርፍር በሻይ ጥርግ አርገን በላን። ጉዳችን የጀመረው እዛ ነው።

ከጥሊሊ በኋላ ፒስታ ነው፣ አቧራው አይጣል፣ ግን ግራ ቀኙ የገብስና የድንች ማሳ ስለሆነ አይን አይሰለችም። ግሽ ዓባይ ከተማ ራሷ ትንሽዬ ናት፣ ከፍታዋ ወደ 2,700 ሜትር ስለሚሆን በቀን ብርሃንም ጋቢ የለበሰ ነው የበለጠው።

ምንጩ ጋ ደርሰን ጫማ ልናወልቅ ጎንበስ ስንል አንድ አባት «ልጆቼ፣ እህል ቀምሳችኋል?» አሉን። ጓደኛዬ ደግሞ መዋሸት አይችልም፣ «ትንሽ ነገር አባ» አላቸው። «ትንሹም እህል ነው፣ በሉ ነገ ማልዳችሁ ኑ።» በቃ፣ ተመለስን። ጾሞ ካልሆነ አይገባም፣ ይሄን የሚነግረን ሰው ጥሊሊ ላይ ቢኖር ምን ነበረበት!

ስለዚህ ማደር ግድ ሆነ። የያዝነው አልጋ ቤት ስሙ ይቅር፣ አንሶላው ንጹህ ነው፣ ብርድ ልብሱ ግን ስስ፣ ውሃ ደግሞ ጭራሽ የለም። ጓደኛዬ ለአስተናጋጇ «እህቴ፣ ዓባይ እኮ እዚሁ ነው የሚፈልቀው» ሲላት «እሱማ እስካሁን ግብፅ ደርሷል» ብላ ግማሽ ጀሪካን አመጣችልን። ለሷ ሙሉ ነጥብ። የበላነው ቅቅል ድንች በአዋዜም እንደዛው፣ ድንቹ እየፈነዳ ዱቄት ዱቄት የሚል አይነት ነው፣ ሁለት ሰሃን ጨረስን።

ጠዋት በባዶ ሆድ ገባን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጢስ ዓባይን አይቶ እንደዛ የሚያገሳ ነገር የሚጠብቅ ሰው ይናደዳል፣ ረግረግ መስክ ዳር ያለች የተከለለች ምንጭ ናት፣ ድምጿ እንኳ አይሰማም። እኔን ግን የያዘኝ ይሄው ትንሽነቷ ነው። ከዚች ተነስቶ ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና ይገባል፣ በባህር ዳር ወጥቶ ጎጃምን በምስራቅም በደቡብም ዞሮ ከቦት ነው ወደ ሱዳን የሚወርደው።

ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ሊታሰሩ ሲሉ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውሃ አደራ ሰጥተው ከእስር ሲፈቱ ሳይርስ እንደተቀበሉ ይነገራል፣ ለጸበል የሚመጣው ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። በዓላቸው ጥር 13 ነው፣ ሰው ግርግር የማትወዱ ያን ሰሞን ተዉት። ፈረንጆቹን በተመለከተ፣ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በነሱ አቆጣጠር በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ አይቶታል፣ ከ150 ዓመት በኋላ በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጣና የመጀመሪያው እኔ ነኝ፣ ፓኤዝ አልደረሰም ብሎ ድርቅ አለ። እዛ ቀድቶ ሲጠጣ የኖረውን የሰከላ ሰው ማንም አልቆጠረውም እንግዲህ። ከተማው ውስጥ ይሄን ታሪክ የሚናገር አንድ ሰሌዳ እንኳ አላየሁም፣ በዚህ ቅር ብሎኛል።

ለጸበሉ ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱ፣ እኔ አንድ ብቻ ይዤ ሄጄ እናቴ ለጎረቤት በቡና ሲኒ እየለካች ነው ያዳረሰችው፣ እስካሁን ትወቅሰኛለች። ወደ ጥሊሊ የሚመለሰው መኪና ከሰዓት በኋላ ይሳሳል፣ ከጸበሉ እንደወጣችሁ ቶሎ ወደ መናኸሪያ፣ ቁርሱን ያኔ ብሉ።