አሥሩ ጥያቄዎች፦ የአረጋውያንን የገንዘብ ውሳኔ ስለሚመዝነው የዲትሮይቱ መጠይቅ

በዲትሮይት ከተማ በሚገኘው የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ባለሙያው ፒተር ሊክተንበርግ ያዘጋጁት የገንዘብ ውሳኔ ማጣሪያ መጠይቅ፣ አረጋውያን ስለ ገንዘባቸው ሲወስኑ ውሳኔውን ተረድተውት እንደሆነና ሌላ ሰው እየበዘበዛቸው እንዳይሆን ለማየት የሚረዳ ሲሆን፣ አሥር ጥያቄዎች ብቻ አሉት። ትልቁ ብልጫው፣ የአረጋውያንን የማስታወስ ችሎታ በጥቅሉ ከመፈተን ይልቅ በእጃቸው ባለው አንድ ውሳኔ ላይ ማተኮሩ ነው፤ ዕለቱን የዘነጉ እናት ቤታቸውን ለማን፣ ለምን እንደሚያወርሱ አጥርተው ሊያስረዱ ይችላሉና።

ከሁሉም የምወደው፣ ሐሳቡ የራሳቸው ነው ወይስ ሌላ ሰው ያቀረበላቸው ብሎ የሚጠይቀውን ነው። «ልጄ ፈርሚ ብሎኝ» የሚል መልስ በራሱ ወንጀልን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ማን ይበልጥ እንደሚጠቀም፣ ማን እንደሚጎዳ፣ ቀድሞ የታሰበ ስጦታ ወይም ውርስ ይለወጥ እንደሆነ ሲጠየቅ ነገሩ እየጠራ ይሄዳል።

ድክመቱ ያለው በአጠቃቀሙ ላይ ነው። መልሱን የሚመዝነው ጠያቂው በመሆኑ፣ ሥልጠና የሌለው ሰው «እናንተ ታውቁ የለ» የሚለውን የእኛን አረጋውያን ጨዋነት አለመረዳት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ከዚህ የሚብሰው የትርጉም ጉዳይ ነው፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን መጠይቁ ወደሚቀርብበት የባንክ፣ የጠበቃ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ የሚገቡት ልጅ ወይም ዘመድ እያስተረጎመላቸው ሲሆን፣ ገንዘቡን የሚፈልገው ያው አስተርጓሚ ከሆነ አሥሩም ጥያቄ ከንቱ ነው። ስለዚህ መጠይቁን የምመክረው፣ አረጋውያኑን ለብቻቸው በገለልተኛ አስተርጓሚ አማካይነት ለሚያነጋግር፣ ስጋት ሲታይም ውጤቱን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ዝርዝር ምርመራ መነሻ ለሚወስድ ቢሮ ብቻ ነው።