ሁለት የሱስ ማገገሚያዎች፣ አንድ ታማሚ

የመጠጥና የጫት ሱስ የያዘው ታናሽ ወንድሜ በ2 ዓመት ውስጥ አዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት የሱስ ሕክምና ቦታዎች ስለታከመ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ለመመዘን ዕድሉን አግኝቻለሁ፤ ዕድል ከተባለ።

የመጀመሪያው የግል ማዕከል ነበር። ግቢው ጽዱ፣ ምግቡ ጥሩ፣ የ30 ቀኑ ክፍያም ከባድ ነው። ነገር ግን አረቄ ያዘወተረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የሚጥል መንዘፍዘፍና ቅዠት ሊገጥመው፣ አልፎም ሕይወቱን ሊያሰጋው እንደሚችል እየታወቀ፣ በዚያ ቤት ሌሊት ተረኛ ነርስ አልነበረም። በሁለተኛው ሌሊት እጁ ተንቀጥቅጦ ብርጭቆ መያዝ ሲያቅተው ውኃ ያጠጣው አጠገቡ የተኛው ታማሚ ነው። ሲወጣ የሰጡት የምስክር ወረቀት እንጂ የቀጠሮ ካርድ አልነበረም፤ በ5ኛው ሳምንት ወደ መጠጡም ወደ ጫቱም ተመለሰ።

ሁለተኛው የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ወረፋው ያሰለቻል፣ ሽንት ቤቱም አይወራም። ይሁንና ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን መንዘፍዘፉን የሚከላከለውን ማረጋጊያ ዳያዜፓምንና የቫይታሚን ቢ1 መርፌ አዘዘለት፤ ድብርቱንም አብሮ መረመረ፤ ከወጣ በኋላም በየ2 ሳምንቱ እንዲመለስ ቀጠረው። ለጫት ሱስ ተብሎ የተፈቀደ የተለየ መድኃኒት ስለሌለ፣ በዚያ በኩል ሸክሙ የወደቀው በምክክሩ ላይ ነበር። አማካሪዋ እኛን ቤተሰቦቹን አስጠርታ «ጓደኞቹ የሚቅሙት በስንት ሰዓት ነው?» ብላ ከጠየቀች በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ በአጎታችን ጋራዥ ውስጥ እንዲያሳልፍ ተስማማን።

ገንዘቤን እንደገና የማወጣ ቢሆን ከመኝታው ምቾት አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ሌሊት ተረኛውና ስለ ክትትሉ ነው። ወንድሜ አሁን 9ኛ ወሩን ይዟል። በመካከሉ አንድ ቀን ጠጥቶ ነበር፤ በማግሥቱ ግን ቀጠሮው ላይ ተገኘ።