ቤቲንግ ቤት ወይስ የሆስፒታል ካርድ ክፍል?

የእህቴ ልጅ ፕሮግራመር ነው። ሰሞኑን ሁለት ሥራ ቀረበለት። አንዱ የስፖርት ውርርድ ድርጅት ነው፣ ደመወዙ 90,000 ብር። ሌላው ለሆስፒታሎች የካርድ ክፍል ሶፍትዌር ይሠራል፣ 45,000 ብር። «ጋሼ፣ አንተ ብትሆንስ?» አለኝ።

መጀመሪያ ብሩን አሰላን። ከላይኛው እርከን 35 በመቶ የሥራ ግብር፣ 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጣል። የ45,000 ብር ልዩነት እጅ ላይ ሲደርስ 26,100 ነው። የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቅም።

ውርርዱ ሕጋዊ ነው፣ ፈቃድ አለው። ግን እኛ ሰፈር ማታ ማታ የቤቲንግ ቤቱ ደጃፍ በተቀደደ ትኬት ይሞላል። አብዛኞቹ ተወራራጆች የታክሲ ረዳቶች ናቸው፤ የዕለት ገቢያቸውን ይዘው ይገባሉ። 10 ጨዋታ ይመርጣሉ፤ ለማሸነፍ ሁሉም መሳካት አለባቸው። እያንዳንዱ እኩል በእኩል ዕድል ቢኖረው እንኳ፣ 10ሩም የሚሳካው ከ1,024 አንዴ ነው። የእህቴ ልጅ እዚያ ቢገባ ደግሞ ሥራው ውርርዱን ሊተው ያሰበውን ልጅ በቦነስ ቴክስት መልሶ መጥራት ይሆናል። ይሄ ነው አንጀቴን የሚበላው።

ካርድ ክፍሉስ? ልጇን ያዘለች እናት ካርዷ እስኪገኝ መስኮቱ ላይ ስትቆም አይቻለሁ። እሷን ቶሎ ወደ ሐኪም ማድረስ ሥራ ነው።

የቤተሰብ ኪራይ እሱ ላይ ቢሆን ኖሮ አልፈርድበትም ነበር። ግን ብቻውን ነው፣ 45,000ውም ያኖረዋል። ሆስፒታሉን ያዝ አልኩት። መልሱን እስከ ሰኞ ይጠብቁታል።