መንዝ ጓሳን ለጅብራ ብሎ መጎብኘት፦ የአስጎብኚዎቹ አገልግሎት እንዴት ነው?

በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ማኅበረሰቡ ወደሚጠብቀው ጥብቅ ቦታ፣ ወደ ጓሳ፣ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ፈልጎ ነው። እኛ ግን የማኅበረሰቡን የአስጎብኚ አገልግሎት የመዘንነው በጅብራ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ በማይገኘው ተክል። በዚህ ሚዛን ክፍያው የሚገባው ነው። ምክንያቱም አስጎብኚው የት እንደሚረገጥ ያውቃል።

ጅብራ ቅርንጫፍ የለውም፤ አንድ ግንድ፣ ጫፉ ላይም አንድ ለጋ (የሚያድግበት እምቡጥ) ብቻ። ትንሹ ጅብራ ግንድ ሳያወጣ ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግቶ በጓሳ ሣር መሐል ይደበቃል። መሐሉ ከተረገጠ ከጎን የሚያቆጠቁጥበት ስለሌለው አለቀለት። ስለዚህ ጎን ለጎን ተበትናችሁ አትሂዱ፤ አስጎብኚውን በተራ ተከተሉት። ለፎቶ ከመንገድ መውጣት ካስፈለገም መጀመሪያ እሱ ይለፍ።

ያበበ ጅብራ ማግኘታችሁን ማንም ሊያረጋግጥላችሁ አይችልም። ተክሉ ብዙ ዓመት ቆይቶ በዕድሜው አንዴ ብቻ ያብብና ዘሩን በትኖ ይሞታል። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ያበበ መኖሩን ጠይቁ፤ ስትደርሱም የመጣችሁት ለጅብራ መሆኑን ቀድማችሁ ንገሩ፤ አለዚያ ቀኑ በጭላዳ ፍለጋ ያልቃል። ካገኛችሁ የአበባውን ዘንግ ከታች ጀምራችሁ ተመልከቱት፦ አበባው ከታች ወደ ላይ ስለሚፈነዳ ታች ያለው ዘር መያዝ ሲጀምር ላይኛው ገና እንቡጥ ነው። ወፎች የአበባውን ማር የሚመጥጡት በመሐል ከተከፈተው ነውና ትንሽ ራቅ ብላችሁ በጸጥታ ጠብቁ። ዘንጉን ቆርጦ ፎቶ መነሳት የዚያን ተክል የዕድሜ ልክ ዘር ማጥፋት ነው። የደረቀውም ዘር ይዞ ሊሆን ስለሚችል ለእሳት አይሰበር።

ደርሶ መልስ አንመክርም፤ እደሩ። ቦታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጅብራው ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ለጋውን እንደ ጥቅል ጎመን ይሸፍነዋል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይገልጠዋል። ይህን ለማየት ጎሕ ሲቀድ ተክሉ አጠገብ መገኘት ያስፈልጋል፤ ከጉብኝቱ ሁሉ የወደድነውም ይህንኑ ነው። ማደሪያው ቀላል ነው፤ ምግብ፣ ወፍራም ልብስና የእጅ ባትሪ ያዙ። ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ይታጠፋል። የመንገዱን ሁኔታ ሳትጠይቁ አትነሱ።

ችግኙን ነቅሎ ወደ ግቢ ለመውሰድ አስጎብኚውን የሚለምን አይጠፋም። ጅብራ የውርጭ አገር ተክል ነው፤ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ አይሆንለትም፤ ጓሳም አንድ ጅብራ ይጎድለዋል።

ጓሳን ለግጦሽና ለሣር አጨዳ ለዘመናት በሥርዓት ሲዘጉና ሲከፍቱ የኖሩት የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ወራሾች ናቸው። ያ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ዛሬም ጠባቂው የአገሬው ሰው ነው። ለአስጎብኚው በምትከፍሉት ላይ አትከራከሩ።